ቆራሌው ሳይደርስ

ከኢትዮጵያ የሸክላ ዘመን ዛሬ ዳግም የሚደመጠው ሙዚቃ በአብዛኛው የተረፈው በሰው እጅ ነው፤ በአሳታሚው ጓዳ፣ በሙዚቃ ቤት መደርደሪያ፣ ከሀገር በወጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ። ጠፋ የተባለ ቅጂ ብቅ ሲልም የሚመጣው ከእነዚሁ ቦታዎች ነው። የአዲስ አበባውን ኮልፌ ቀራንዮን የመሰሉ ነባር ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በዚህ ፍለጋ ውስጥ ስማቸው አይነሳም። ሊነሳ ግን ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች የተቀረጹት ባሕር ማዶ ነው። በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ በዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ በ1908 ድምፃቸውን እዚያው አስቀረጹ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ ከተረፉት ሸክላዎች ተገልብጦ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። በግጥማቸው ብቻ የሚታወቁት ሰው፣ ከሞቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ፣ በራሳቸው ጉሮሮ ተሰሙ።

በሀገር ውስጥ ሸክላ የማሳተሙ ሥራ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ልብ አልነበረም። በ1948 የወጣ ንጉሠ ነገሥታዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ዘፋኞቹና ሙዚቀኞቹም በአመዛኙ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች ነበሩ። በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ተጋፍቶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ በመጀመሪያ ያወጣውም ከፖሊስ ኦርኬስትራ የተገኘውን የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ነው። ሸክላው መጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላ በቤይሩት እየታተመ ይመጣ ነበር። አምሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል አልበሞችን አወጣ። ፊሊፕስ ተከተለ፤ ከ1973 ጀምሮ ደግሞ «ዓሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ ገባበት። ያ ሁሉ ሥራ ያለቀው አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ነው። ማተሚያው በሀገር ውስጥ ስላልነበረም፣ ድርጅቶቹ ሲዘጉ አንድ ሸክላ በድጋሚ ለማውጣት የሚያስችል ነገር አዲስ አበባ ውስጥ አልቀረም።

ደርግ በ1974 ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦቹን አዳከመ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ወጣ። ሸክላን የተካው ካሴት ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፤ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ እየገለበጠ ይሸጠዋል፣ የገዛውም ለጓደኛው ይገለብጣል። በእያንዳንዱ ግልበጣ የክሩ ሹክሹክታ እየበዛ፣ ጥሩምባው እየደበዘዘ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ለዘፈኖቹ መትረፍ ዋናው ምክንያት ይኸው ዝርክርክ የሚመስል የእጅ በእጅ ቅጂ ነው። ሺህ ቤት የገባ ነገር አንድ ቤት ቢቃጠል አይጠፋም።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በሸክላ ሰማና በዓመቱ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። አልበሙ በ1986 በብራስልስ እንደገና ታተመ። እሱ በ1997 የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ደግሞ በዋነኛነት የአምሃንና የካይፋን ሸክላዎች መሠረት አድርጎ ከ30 ቅጽ ዘለለ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የገባው ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። የሀገሬው ሰው በልጅነቱ ሲሰማው የኖረ ዜማ «አዲስ ግኝት» ተብሎ ሲጻፍ ቅር መሰኘቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሸክላዎቹን በዝርዝር የመዘገበ፣ ባለመብቶቹን ያነጋገረና በጥሩ ጥራት ያወጣ ሰው ውለታው ሊዘነጋ አይገባም።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው ኃይሉ፣ በሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው ዋልያስ ባንድ ውስጥ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮን ይዞ፣ ኪቦርዱንና የኤሌክትሪክ ከበሮውን ጨምሮ፣ ያለ ባንድ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። የቆዩ ዜማዎችን በአኮርዲዮን መጫወቱ ለዘመኑ ጆሮ አሮጌ ሳይመስል አልቀረም፤ ዛሬ ሲሰማ ግን ከዘመኑ ቀድሞ የሄደ ይመስላል። ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠና ተረሳ። ኃይሉም በዋሺንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ግን ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ገዛ። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት፤ ካሴቱም በ2013 በድጋሚ ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1977 የወጣው የዋልያስ «ቸ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። የዚህ ሁሉ መነሻ ባሕር ዳር ውስጥ ያልተጣለ አንድ ካሴት ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ሥራ እንዲሁ ነው። በፒያኖ ድርሰቶቻቸው በዓለም የታወቁት መነኩሴ በ1977 እና በ1985 መካከል አዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው በድምፃቸው እያዜሙ የቀረጹት ነበር። ያ ቅጂ በአልበም መልክ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው በ2024፣ እርሳቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

በየቦታው የተበተነ ቅጂ ዋጋ በሌላም ሀገር ታይቷል። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና 70ዎቹ የቪዲዮ ክር ውድ ስለነበር አያሌ ፕሮግራሞቹን እያጠፋ በላያቸው ሌላ ይቀርጽ ነበር። የታዋቂው «ዶክተር ሁ» ድራማ ብዙ ክፍሎች የጠፉት በዚህ ነው። ነገር ግን ድራማው በ16 ሚሊሜትር ፊልም እየተገለበጠ ለውጭ ጣቢያዎች ይሸጥ ስለነበር፣ በ2013 ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት መገኘታቸው ተነገረ። ዋናው ሲጠፋ የተረፈው ሩቅ ያለው ነው። በ1964 በእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ እገዛ ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የድሮ የበዓል ዝግጅት በቤቱ ቪዲዮ የቀረጸ ቤተሰብ ካለም፣ በእጁ የያዘው የጣቢያው መደርደሪያ ላይ ላይኖር የሚችል ነገር ነው።

በክር ላይ ደርቦ መቅዳት የቢቢሲ ጥፋት ብቻ አልነበረም። በአዲስ አበባ ቤቶችም እንዳይቀዳበት የካሴቱ ጥርስ የተሰበረበት ቀዳዳ በወረቀት ይደፈንና ዘፈኑ ላይ ሌላ ይቀዳ ነበር፤ የሬዲዮ ትረካ፣ የሠርግ ጭፈራ፣ ባሕር ማዶ ላለ ልጅ የሚላክ የእናት ድምፅ። እንዲህ ያለው ካሴት ዘፈኑ ጠፋ ተብሎ መናቅ የለበትም። ለልጅ የተላከው የድምፅ ደብዳቤ ምናልባት ከጠፋው ዘፈን ይበልጥ ብርቅ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ወደዚህ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከ18 ማዞሪያ እስከ አስኮ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባሉት ሰፈሮች ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የተሰበረ ቴፕ፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ ካርቶን ሙሉ ካሴት በጥቂት ብር ይወስዳል። የተወሰነው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ገዢ ያገኛል። የቀረው ለፕላስቲኩ ይፈለጋል። ቤት ሲፈርስ፣ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ወይም አንድ አዛውንት ሲያርፉ ደግሞ የሚወጣው ዕቃ ይበዛል።

በእነዚህ ካርቶኖች ውስጥ ያለው የውጭ ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት የሳክስፎንና የኦርጋን ሙዚቃ ብቻ አይደለም። ጉራጌውና ስልጤው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት ኮልፌ የመንዙማ፣ የመዝሙር፣ የጉራግኛና የስልጥኛ ካሴት ከቤት አይጠፋም ነበር። ብዙዎቹ በትንሽ ቁጥር የተባዙ፣ የሽፋን ወረቀታቸው በእስክሪብቶ የተጻፈ ናቸው። ለእነዚህ ከፓሪስም ከኒው ዮርክም የሚመጣ ፈላጊ የለም። ለመጥፋት ይበልጥ የቀረቡት እነሱ ስለሆኑ ፍለጋው ከእነሱ ቢጀመር ይሻላል።

ካሴት በተገኘ ጊዜ ወዲያው ማጫወት ትልቁ ስሕተት ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በቆሸሸ ወይም ክር በሚበላ ቴፕ ከተጫወተ አንዴ ተበጥሶ ያበቃል። የማጫወቻው ራስ በአልኮል ይጠረጋል፤ ክሩን የሚደግፈው ትንሽ ስፖንጅ ወልቆ እንደሆነ ይታያል፤ ቀፎው ከተሰበረ ክሩ ወደ ሌላ ቀፎ ይዛወራል። ሸክላ በለስላሳ ጨርቅና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ መሐል ያለው ወረቀት እንዳይርስ እየተጠነቀቁ። በደቂቃ 78 ዙር የሚጫወተው የጥንቱ ሸክላ ጎድጓዱ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ ለባለ 45 ዙሩ የተሠራው መርፌ ያበላሸዋል። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥም ያልተጨመቀ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ጫጫታ ማጥራት በሌላ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይደረግም፤ የዛሬው ማጥሪያ የሚያነሳው ሹክሹክታ ከማሲንቆው ድምፅ ቆርሶ ሊሄድ ይችላል።

ከድምፁ እኩል መመዝገብ ያለበት የሰው ስም ነው። በካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶና ስም ይወጣል፤ ክራሩን የመታው፣ ሳክስፎኑን የነፋው፣ ዜማውን ያቀናበረው ብዙ ጊዜ የለም። ይህን በቃሉ የሚያውቀው ትውልድ እየሄደ ነው። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 አርፈዋል። ስለዚህ አንድ ካርቶን ካሴት ያገኘ የኮልፌ ወጣት፣ ከማስገልበጡም በፊት፣ ካሴቱን የገዙትን አያቱን ወይም የሰፈሩን የድሮ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ቁጭ ብሎ ቢጠይቅና መልሱን በስልኩ ቢቀዳ፣ ኋላ በየትም መዝገብ የማይገኝ ነገር ይዟል።

የተገኘውን መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካሴት በእጁ ያለ ሰው የክሩ እንጂ የዘፈኑ ባለቤት አይደለም። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የገጣሚንና የዜማ ደራሲን መብት በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ያስከብራል። ደራሲዎቹ ወይም ወራሾቻቸው ሳይፈቅዱ ቅጂውን ለሕዝብ መልቀቅ ለሽያጭም ባይሆን ተገቢ አይደለም። ካሴቱ ከነሽፋን ወረቀቱ ለቤተሰቡ ይመለሳል፤ ከፋይሉ አንድ ቅጂ እዚያው ይቀመጣል፣ ሌላው ስሞቹ ከተጻፉበት ዝርዝር ጋር ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሊሰጥ ይችላል።