ዋንጫ ለስም አይሰጥም

ማታ ማታ ጂንካ ግቢያችን ውስጥ ክርክሩ አንድ ነው፤ ለፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ የሚገባው ማን ነው? አንዱ ጓደኛዬ «ከጊዮርጊስ ሌላ ማን አለ?» ይላል። ታሪኩን ማን ይክዳል! ግን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ያንኑ ጊዮርጊስን በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ንግድ ባንክም በ2016 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም ከታች የመጡ ናቸው እኮ!

ስለዚህ «ለማን ይገባል?» ከማለት በፊት «የመሞከር ዕድል ማን አገኘ?» እንበል። አዲስ አበባ ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ የደቡብ ኦሞ ቡድን የመኪና ኪራይ አጥቶ ከውድድር ከቀረ፣ የተሸነፈው ሜዳ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ይጫወት፤ የሚገባውን ኳሷ ትፍረድ።