ስህተቱን በአደባባይ የሚጽፍ ሥራ አስኪያጅ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዋረን ቡፌት በ12 ሳንቲም ተኩል ተናደዱ። ያ ንዴት መጨረሻው ፋብሪካ መግዛት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኒው ቤድፎርድ ከተማ የነበረው በርክሻየር ሃታዌይ ያኔ እየከሰመ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ነበር። ቡፌት አክሲዮኑን በርካሽ ሰብስበው መልሰው ለራሱ ለኩባንያው በመሸጥ ትንሽ ሊያተርፉ አሰቡ። ከኩባንያው ኃላፊ ጋር በቃል የተስማሙት በ11 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በጽሑፍ የመጣው ዋጋ ግን 11 ዶላር ከ37 ሳንቲም ተኩል ሆነ። ቡፌት አልሸጡም። እልህ ይዟቸው ጭራሽ ተጨማሪ አክሲዮን ገዙ። በ1965 ኩባንያውን ተቆጣጠሩ፤ ኃላፊውም ወንበሩን ለቀቀ።

እልሁ ተወጣ። በእጃቸው የቀረው ግን እየሞተ ያለ ፋብሪካ ነው።

ስለ ቡፌት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የትኛውን አክሲዮን መቼ እንደገዙ ነው። እስከ 2024 መጨረሻ ባሉት 60 ዓመታት የበርክሻየር አክሲዮን በአማካይ በየዓመቱ 19.9 በመቶ ስላደገ ይህ አይገርምም። ድርጅት ለሚመራ ሰው ግን ትልቁ ትምህርት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ሰውየው የገዛ ስህተታቸውን በያዙበት መንገድ ላይ።

ፋብሪካውን ወዲያው አልዘጉትም። 20 ዓመት ተሸከሙት። ሠራተኞቹ ታታሪ ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጆቹም ሐቀኞች። አዲስ ማሽን ይገዛ የሚል ጥያቄ በመጣ ቁጥር ስሌቱ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፤ ማሽኑ ይህን ያህል ወጪ ይቀንሳል ይላል። ችግሩ ተወዳዳሪዎቹም ያንኑ ማሽን መግዛታቸው ነው። ሁሉም ወጪ ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል፤ ጥቅሙ ለጨርቅ ገዢው ይሄዳል። ቡፌት ይህን የገለጹት ሰልፍ ለማየት በእግር ጣቱ በቆመ ሕዝብ ነው። ሁሉም በጣቱ ሲቆም ማንም የተሻለ አያይም፤ እግር ብቻ ይደክማል።

በ1985 ፋብሪካው ተዘጋ። ሲገዙ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣባቸው ማሽኖች በጨረታ የተሸጡት በ163 ሺህ ዶላር ነው። ከአራት ዓመት በፊት እያንዳንዳቸው በ5 ሺህ ዶላር የተገዙ የሽመና ማሽኖች በ50 ዶላር እንኳ ገዢ አጥተው፣ በ26 ዶላር ለውዳቂ ብረት ሄዱ።

ይህን የምናውቀው ጋዜጠኛ አነፍንፎ ስላወጣው አይደለም። ቡፌት ራሳቸው ለባለአክሲዮኖች በሚልኩት ዓመታዊ ደብዳቤ ላይ ቁጥሩን ዘርዝረው ስለጻፉት ነው።

ከዚያው ዘመን ሌላ ግዢ ጎን ለጎን ይታይ። በ1972 ሲስ የተባለውን የካሊፎርኒያ የቸኮሌትና የከረሜላ ኩባንያ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። በ40 ዓመት ውስጥ ኩባንያው ከታክስ በፊት 1.9 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። እንዲያድግ የጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ ግን 40 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ትርፉ ተሰብስቦ ሌላ ጥሩ ድርጅት መግዣ ሆነ። የጥሩ ሥራና የመጥፎ ሥራ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሌላው እየጣፈጠ ይበላል። ልዩነቱን ለማየት ግን መጀመሪያ «ተሳስቻለሁ» ማለት ያስፈልጋል።

በ1993 እንደገና ተሳሳቱ። ዴክስተር የተባለ የጫማ ኩባንያ በ433 ሚሊዮን ዶላር ገዙ፤ የከፈሉትም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በበርክሻየር አክሲዮን ነው። ከውጭ የሚገባ ርካሽ ጫማ ኩባንያውን ዋጋ አሳጣው። በልዋጩ የተሰጠው አክሲዮን ግን እያደገ ሄዶ ቢሊዮኖች አወጣ። ይህንንም ደጋግመው ጻፉት። ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ደብዳቤዎቻቸው «ስህተት» የሚለውን ቃል 16 ጊዜ እንደተጠቀሙ ቆጥረው ተናግረዋል።

«ላሸነፈ ሰው ስህተትን ማመን ቀላል ነው፤ ደግሞስ ማን ሊያባርራቸው?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ፋብሪካውን ለመዝጋትም 20 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ነገር ግን ኑዛዜው ለትሕትና ብቻ አይደለም፤ የአሠራሩ ምሰሶ ነው። በርክሻየር ወደ 390 ሺህ ሠራተኛ ሲኖረው ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው 30 አይሞላም። ድርጅቶቹን የሚመሩት የየራሳቸው ኃላፊዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት የሚቆመው መጥፎ ወሬ ሳይዘገይ ወደ ላይ ሲመጣ ብቻ ነው። አለቃው የራሱን ጉድ ከደበቀ ደግሞ የበታቹም ይደብቃል።

በ1991 ሰሎሞን ብራዘርስ የተባለው የዎል ስትሪት ተቋም የደረሰበት ይኸው ነው። አንድ ሠራተኛ በመንግሥት ቦንድ ጨረታ ላይ አጭበረበረ። አለቆቹ አወቁ፤ ለወራት ዝም አሉ። ተቋሙን ለመውደቅ ያቃረበው ከማጭበርበሩ ይልቅ ዝምታው ነበር። ባለድርሻ የነበሩት ቡፌት ሊቀ መንበር ሆነው ገቡ። መልእክታቸውም ግልጽ ነበር፦ ገንዘብ ብታከስሩ ይገባኛል፤ የድርጅቱን ስም ብታጎድፉ ግን ምሕረት የለኝም።

ቡፌት በ2025 መጨረሻ፣ በ95 ዓመታቸው የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ቦታ ለግሬግ አቤል አስረክበዋል። ደብዳቤዎቹ ግን ለማንም ክፍት ናቸው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የአክሲዮን ባለቤትነት ወደ ብዙ ቤት መግባት በጀመረበት በዚህ ሰዓት፣ ከእነሱ የሚወሰድ አንድ መለኪያ አለ። የኩባንያው ዓመታዊ ሪፖርት ሲደርስ ከትርፍ ድርሻው ገጽ በፊት ሌላ ገጽ ይፈለግ፦ ኃላፊው ምን እንደተሳሳተ የጻፈበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ያ ገጽ ከሌለ በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ የሚከፍለው ባለአክሲዮኑ ገና አልሰማም ማለት ነው።