አንድ «ምናልባት» ይበቃል

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያነብ መምህር «ሜይ ፖሲብሊ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ሳያገኝ አይውልም። «ሜይ» ብቻውን «ሊሆን ይችላል» ማለት ነው። «ፖሲብሊ»ም የሚለው ያንኑ ነው። «ኩድ ፖቴንሺያሊ» እና «ማይት ፐርሃፕስ» የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ከፕሮጀክት ሪፖርት እስከ ቢሮ ኢሜይል ድረስ ሞልተዋል።

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። «ምናልባት ነገ ይመጣ ይሆናል» የሚል ሰው ጥርጣሬውን ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ ለጆሮ ግን ምንም አይጎረብጥም። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ምናልባት» ቀድሞ አድማጩን ያዘጋጃል፣ «ይሆናል» ደግሞ ይዘጋዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሜይ» ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚቀመጥ አንባቢው ገና ከመነሻው ነገሩ እርግጠኛ እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ቃል ሥራ የለውም።

ሌላው ምክንያት ፍርሃት ነው። ተማሪው «ከማስረጃህ በላይ አትናገር» ተብሎ ይመከራል፤ ምክሩም ትክክል ነው። ችግሩ ጥንቃቄ በቃላት ብዛት የሚጨምር መምሰሉ ነው። «ሜይ» ላይ «ፖሲብሊ» ሲታከል ዕድሉ ከመቶ አሥር ይሁን ስድሳ አንባቢው የሚያውቀው ነገር የለም።

የቃላት ብዥታ ምን እንደሚያስከትል ሸርማን ኬንት በደንብ ያውቅ ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበረው ኬንት ለአሜሪካው የስለላ ድርጅት ለሲአይኤ ይሠራ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የግምት ሰነድ በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ የመፈጸሙን ነገር «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» በሚል ሐረግ ገለጸው። አንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀው ኬንት «65 ለ35 ወደ መፈጸሙ ያደላል» አለ። ባለሥልጣኑ ደነገጠ፤ እሱና ባልደረቦቹ የተረዱት ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ኬንት ሰነዱን አብረውት ያዘጋጁትን ሰዎች ሲጠይቅ የባሰ ነገር ሰማ፦ አንዱ 80 ለ20 አለ፣ ሌላው 20 ለ80። ሁሉም በአንድ ሐረግ ተስማምተው ነበር! ኬንት በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ «ፕሮባብል» ለሚለው ቃል 75 በመቶ አካባቢ፣ «ኦልሞስት ሰርተን» ለሚለው 93 በመቶ አካባቢ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ በሪፖርቶቹ «ላይክሊ» ማለት ቢያንስ 66 በመቶ፣ «ቬሪ ላይክሊ» ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶ ነው።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ተጨማሪ ቃል ሁሉ ትርፍ አይደለም። «ቬሪ» እዚህ ላይ ደረጃውን ከፍ አድርጎታል። «ሜይ ዌል»ም ከ«ሜይ» የበረታ ነው። መሰረዝ ያለበት የተባለውን መልሶ የሚለው ነው።

ደረጃ መለየት ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አይደለም። «ሊዘንብ ይችላል» እና «ሳይዘንብ አይቀርም» እኩል እንዳልሆኑ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል፤ በሁለተኛው ሰማዩ ጠቁሯል። እንግሊዝኛ ሲጽፍም ለመጀመሪያው «ሜይ»ን፣ ለሁለተኛው «ፕሮባብሊ»ን መርጦ እዚያው ላይ ማቆም ይችላል።

«ዘ ሪዘልትስ ሲም ቱ ሰጀስት ዛት ፈርቲላይዘር ማይት ፖሲብሊ ኢንክሪስ ይልድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ያመነታል። «ሲም»፣ «ማይት» እና «ፖሲብሊ» ቢወጡ «ሰጀስት» ብቻውን ጥርጣሬውን ይሸከማል። በተለቀቀውም ቦታ ተማሪው የጥርጣሬውን ምክንያት ሊጽፍበት ይችላል፦ ማዳበሪያው በስንት ማሳ ላይ እንደተሞከረ፣ ለስንት ክረምት፣ ዝናቡስ በዚያ ዓመት እንዴት እንደነበረ።