ፎቶግራፉንም «ተጠየቅ» እንበለው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፓርቲም ስለ ምርጫም አይደለም፤ ስለ አንድ ክፍለ ጊዜ የኅብረተሰብ ትምህርት ነው። ጉዳዩ ከፖለቲካችን የራቀ የሚመስለው አንባቢ ካለ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ነገሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነት በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት በስልኬ የተቃጠለ መንደር ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ከሥሩ ድርጊቱን የፈጸሙት እነማን እንደሆኑ በሙሉ ልብ የሚናገር የአንድ መስመር ጽሑፍ ነበረው። ደሜ ፈላ። ሳላመነታ ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ አስተላለፍሁት። በማግስቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ፎቶግራፉን አይታ፣ «ጋሼ፣ ይህን ማን አነሣው? ይህስ መኪና የየት አገር ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። በእርግጥም በምስሉ ጥግ ግማሽ አካሉ ብቻ የሚታይ መኪና ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል የግዕዝም የላቲንም አልነበረም። ያ ቃጠሎ የሌላ አገር ቃጠሎ፣ ያ ሐዘን የሌሎች ሰዎች ሐዘን ነበር።

አፍሬ ፎቶግራፉን ለላክሁላቸው ሁሉ እርማት ጻፍሁ። አንድ የተማረ ወዳጄ፣ «ይኸኛው ባይሆን ሌላው አይቀርም» ሲል መለሰልኝ። ምስሉ ሐሰት መሆኑ ቢታወቅም ሥራውን ጨርሶ ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ ይህን ጥያቄ ከየት አመጣችው? ከኅብረተሰብ ትምህርት መምህሯ ነው። መምህሯ በሳምንት አንድ ቀን ከአሮጌ መጽሔት ወይም ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ አንድ ፎቶግራፍ ይዘው ይገባሉ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አጥፈው ይደብቁታል። ምስሉን በወረቀት ሸፍነው ሩብ ሩቡን እየገለጡ፣ «መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ፤ የመሰላችሁን በኋላ ትነግሩኛላችሁ» ይላሉ። ያየነውንና የመሰለንን መለየት ቀላል ይመስላል። ጎልማሳው እኔ ግን ያን ምሽት ያላደረግሁት ይህንኑ ነው።

እኔ የተማርሁት በደርግ ዘመን ነው። መምህራችን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የተነሣውን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ ትንሿ ቮልስዋገን ሲወሰዱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አሳየንና «የፊውዳሉ ሥርዓት ፍጻሜ» ብሎ አጻፈን። እኛም ጻፍን። በዚያች ቅጽበት ካሜራ በዚያ ቦታ እንዴት ተገኘ? ሮልስ ሮይስ በለመዱ ንጉሥና በቮልስዋገን መካከል ያለው ልዩነት እንዲታይ የፈለገ ሰው ነበርን? ከመካከላችን ማንም አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም የሚወደድለት አልነበረም።

ከዚያ ፎቶግራፍ አንድ ቀን አስቀድሞ የሆነውም ትልቅ ትምህርት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሩ ቴሌቪዥን የቀረበ፣ የወሎን እልቂት ያጋለጠ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም ሠርቶ ነበር። ደርግ ይህን ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት የሚያሳዩ ምስሎችን እያስገባ ቀጠለውና በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ምሽት ለሕዝብ አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

ልብ በሉ፤ ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ፍርዱ የተሰጠው ግን ሁለቱ በተጋጠሙበት ስፌት ላይ ነው። ፍርዱ ትክክል ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም በዚህ አልከራከረውም። የምለው፣ ተመልካቹ ስፌቱን ማየት ነበረበት ነው። ምክንያቱም ከዐሥር ዓመት በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ይረግፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ድግሱንና ረሃቡን ጎን ለጎን አድርጎ የሚቀጥል የአገር ውስጥ ቴሌቪዥን አልተገኘም። በ1967 ዓ.ም. «ይህን ከዚያ ጎን ማን አስቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ትውልድ፣ በ1977 ዓ.ም. «አሁንስ ጎን ለጎን የማይቀመጡት ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ በቻለ ነበር።

አባቶቻችን ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ነበራቸው። በጥንቱ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይፋጠጡ ነበር። ምስክርም ቢሆን አየሁ ስላለ ብቻ አይታመንም፤ የት ቆመህ አየህ፣ ከማን ጋር ነበርህ፣ ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና አለህን ይባላል። ፎቶግራፍም እማኝ እንጂ ዳኛ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው በፊቱ አቁሞ ይጠይቀው፦ ማን አነሣህ? መቼና የት? ማን እንዲያይህ ተፈልጎ? ከክፈፉ ውጭ የቀረው ማን ነው? ከሥርህ ያለውን ጽሑፍ ማን ጻፈው? ዛሬስ ማን፣ ለምን ወደ እኔ ላከህ?

«ልጆችን ሁሉን ተጠራጣሪ ታደርጓቸዋላችሁ፤ ነገ እውነተኛ ግፍ በፎቶግራፍ ሲቀርብ ሐሰት ነው ይላሉ» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ በዚያው ጦርነት እውነተኛ መከራን «የተቀነባበረ ነው» ብሎ ማለፍም በሁሉም ወገን የተለመደ ነበርና። ነገር ግን ምስክርን መጠየቅ ምስክርን ማባረር አይደለም። እውነተኛ ምስክር ከተጠየቅ በርትቶ ይወጣል።

ኮረምን እንውሰድ። ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ ያቀረበው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታ ጎረፈ፤ የብዙ ሰው ሕይወት ተረፈ። ያን ምስል ማን አነሣው፣ የት፣ መቼ ብሎ የጠየቀ ሁሉ መልስ ያገኛል። ከክፈፉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ ጦርነቱን፣ የመንግሥትን ፖሊሲ፣ ከአንድ ወር በፊት የነበረውን ድግስ ያገኛል። በብርድ ልብስ የተጠቀለሉት ሰዎች ስም እንዳልተነገረም ያስተውላል። በባዕድ አገር «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስንል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው የተራበ ሕፃን ለምን እንደሆነም ይገባዋል። ጥያቄው ረሃቡን አልካደም፤ ተጠያቂው እንዲፈለግ አደረገ እንጂ።

ይህን ለማስተማር ገንዘብ አያስፈልግም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለመምህራን ያዘጋጀው የምስል መመርመሪያ የአንድ ገጽ ቅጽ ነው፤ ዋና ክፍሎቹም ሦስት ናቸው፦ ተመልከት፣ አሰላስል፣ ጠይቅ። የእህቴ ልጅ መምህርም ያላቸው አንድ ወረቀትና የተቀደደ መጽሔት ነው።

ታዲያ ለምን በየትምህርት ቤቱ አይደረግም? አንዱ ምክንያት ፈተናችን ነው፤ «ንጉሡ መቼ ወረዱ?» የሚለውን በምርጫ ጥያቄ መልክ ማውጣትና ማረም ይቀላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። የወሎን ፎቶግራፍ መጠየቅ የለመደ ልጅ ነገ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመሪ ምስል መጠየቁ አይቀርም። በዕድሜዬ ብዙ ምስል ከግድግዳ ሲወርድና ሌላ ሲሰቀል አይቻለሁ፤ ምስማሩ ግን ያው ነው።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተቃጠለውን መንደር አቃጥሎ፣ ያልተወለደውን ሕፃን አስለቅሶ በደቂቃ ውስጥ ማሳየት ይችላል። «ጣቶቹን ቁጠሩ፣ ጥላውን ተመልከቱ» የሚለው ምክር ከቀን ወደ ቀን እየከሸፈ ይሄዳል፤ ማሽኑ ስሕተቱን ያርማልና። ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ ለምን ለእኔ ተላከ የሚለው ጥያቄ ግን አያረጅም።

ውድ አንባቢያን፣ መምህር ከሆናችሁ በመጪው ሳምንት አንድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ግቡ። ወላጅ ከሆናችሁ ማታ ስልካችሁን ከልጃችሁ ፊት አድርጋችሁ «ምን ታያለህ?» በሉት። እኔ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እስክታርመኝ ድረስ የሰው ቁጣ በስልኬ ሳሰራጭ ነበር። ያ ፎቶግራፍ ከእኔ አልፎ የት እንደደረሰ፣ በማን ልብ ውስጥ ምን ጥሎ እንዳለፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።