ተመልካች ያላያት እናት

ሰው ባየው ነገር ሁሉ ላይ ፈራጅ መሆን ይወዳል፤ ነገር ግን ፍርድ የሚመዘነው በዓይን ብዛት ሳይሆን በማስተዋል ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነው «ስካርፌስ» ስለተባለው የአሜሪካ ፊልም እስከ ዛሬ ያልበረደው ክርክር ነው። የስሙ ትርጓሜ «ባለ ጠባሳ ፊት» ማለት ነው። ኦሊቨር ስቶን ጽፎት፣ ብራያን ደ ፓልማ አዘጋጅቶት፣ ኅዳር 29 ቀን 1976 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ታሪኩም በአል ፓቺኖ የተመሰለው ቶኒ ሞንታና የሚባል ስደተኛ ከኩባ ማሪኤል ወደብ በጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተሻግሮ፣ በማያሚ ከተማ በኮኬይን ንግድና በነፍስ ግድያ ከብሮ፣ በመጨረሻ በገዛ አዳራሹ በጥይት ተደብድቦ እንደ ወደቀ ያሳያል።

በዚህ ፊልም ላይ የተነሡት ፈራጆች ሦስት ወገን ናቸው። ፊተኞቹ ደሙንና ስድቡን አይተው ኮነኑት። ፊልሞችን በየዕድሜው የሚመድበው የአሜሪካ ጉባኤ በመጀመሪያ ከከባዱ መደብ አገባው፤ አዘጋጁ ይግባኝ ብሎ ነው የቀለለለት። ለክፉ አዘጋጅ በሚሰጠው የስላቅ ሽልማትም ደ ፓልማ ዕጩ ሆኖ ቀረበ። የእነዚህ ኮናኞች ዘመዶች በአገራችንም አልጠፉም፤ የአዲስ አበባው የመጀመሪያ ሲኒማ በሕዝብ አፍ «የሰይጣን ቤት» መባሉ ይታወቃልና።

ሁለተኞቹ በማያሚ የሚኖሩ ኩባውያን ናቸው። ስማችን ይጠፋል ብለው ስለ ተቃወሙ፣ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል በሎስ አንጀለስ ተቀረጸ። ቅሬታቸውም ከንቱ አልነበረም። ከሚያዝያ 1972 እስከ ጥቅምት 1973 ዓ.ም. ከማሪኤል የተሻገሩት ስደተኞች 125 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ፊልሙ በመክፈቻው ጽሑፍ ከእነርሱ 25 ሺህ ያህሉ የወንጀል መዝገብ ያለባቸው ናቸው ይላል። ሆኖም ከእነዚህ ብዙዎቹ በኩባ የታሰሩበት ነገር በአሜሪካ ሕግ ወንጀል የማይባል ነበር።

ሦስተኞቹ አወዳሾች ናቸው። የአሜሪካ የራፕ ዘፋኞችና የተከተሏቸው ወጣቶች ቶኒ ሞንታናን ከምንም ተነሥቶ የነገሠ ጀግና አደረጉት፤ ሥዕሉንም በየግድግዳቸው ሰቀሉት። አወዳደቁን ረስተው አነሣሡን ያዙ።

የቅኔ ቤት ልጅ ግን እንዲህ አይፈርድም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያውን ቤት ሰምቶ ሁለተኛውን ሳይሰማ «ግሩም ነው» ወይም «ብላሽ ነው» የሚል ተማሪ በዋድላ መምህራን ፊት መሣቂያ በሆነ ነበር። ሦስቱም ወገኖች በሰሙ ተከራከሩ እንጂ ወርቁን አልፈለጉትም። ወርቁም በአንዲት ድሃ ቤት ተቀምጦ ነበር።

ቶኒ ሞንታና እጁ ገንዘብ በያዘ ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ሄዶ 1,000 ዶላር ይዘረጋል። እናቲቱ፣ በፖርቶ ሪኮ ተወላጇ በሚርያም ኮሎን የተመሰለችው፣ በፋብሪካ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። እርስዋ ግን በገንዘቡ አልተደሰተችም፤ በምን እንዳገኘው መረመረችው። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች የታታሪውን ኩባዊ ስም እንደሚያጎድፉ በፊቱ ነግራ ከቤቷ አስወጣችው። እናት የመለሰችውን ገንዘብ እኅቱ ከደጅ ተከትላ ወጥታ ተቀበለች፤ ፍጻሜዋም በወንድሟ አዳራሽ በጥይት መሞት ሆነ።

እነሆ፣ የማያሚ ሰዎች በአደባባይ ያሰሙት አቤቱታ በፊልሙ ውስጥ በእናት አፍ ተነግሮ ነበር። ኮናኞቹም ኃጢአት ያለ ወቃሽ ቀረ ያሉት ይህን ወቀሳ ሳይሰሙ ነው። አወዳሾቹ ደግሞ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ይህ ነገር ለወልድያ፣ ለመርሳና ለመላው ሀብሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እንዲህ ያለው ፊልም ቀድሞ በየከተማው በቪዲዮ ቤት ይታይ ነበር፤ ዛሬ በየኪሱ በስልክ ይታያል። ከሀብሩ የተነሣው ወጣትም እንደ ማሪኤል ስደተኛ ከጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያች አገር ወደ አገራቸው መመለሳቸው የሚታወስ ነው። አብዛኛው ስደተኛ በላቡ የሚያድር፣ ለእናቱም የላቡን ዋጋ የሚልክ ነው፤ እርሱን የሚነቅፍ ቢኖር ራሱ ሊነቀፍ ይገባዋል።

ነገር ግን ይህን ወጣት ለባሕርና ለበረሃ አሳልፎ ሰጥቶ የሚከብር ደላላ አለ። የሰው ልጅ በመንገድ ሲቀር የእርሱ ቤት ፎቅ ይሆናል። በሠርግ ከፍ ካለው ወንበር የሚቀመጠው፣ በማኅበር ጽዋው ቀድሞ የሚቀዳለት፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ሲሰጥ ስሙ በእልልታ የሚጠራው ማን ነው? እንግዲህ ወጣቱን ያበላሸው ፊልም ነው የሚሉ ሽማግሌዎችና ካህናት ይህን ይመርምሩ። ወጣቱ ከስካርፌስ የሚያየውን ሦስት ሰዓት ያህል ያያል፤ ከሠርጉ አዳራሽ የሚያየውን ግን ዕድሜውን ሁሉ ያያል። ጌታን ያስያዙት የካህናት አለቆች እንኳ ይሁዳ የመለሰውን ሠላሳ ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባው ሣጥን ሊያገቡት አልደፈሩም፤ የዛሬው ሣጥን ከእነርሱ ሣጥን ይልቅ ልል ሊሆን አይገባም።

ምናልባት «ድሃ እንዴት መርጦ ይቀበላል? ረኃብ ምርመራ አያውቅም» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። የቶኒ ሞንታና እናትም ድሃ ነበረች። ከዚህም በላይ በሀብሩ ደላላውን ከፍ ካለው ወንበር የሚያስቀምጡት የተራቡት አይደሉም፤ የጠገቡትና የተማሩት ናቸው። ድሀይቱ ብትቀበል ችግሯ ይናገርላታል፤ ለእነርሱ ግን ማን ይናገርላቸዋል?

ስለዚህ ፊልሙን ማገድም ማወደስም ከፍርድ አይቆጠርም። ለወጣት የሚጠቅመው አብሮት ተቀምጦ እናቲቱን የሚያሳየው፣ ከዚያም በከተማው እንደ እርስዋ የሚጠይቅ ታላቅ ሰው ማግኘቱ ነው። ገንዘብ በተዘረጋበት ደጅ «ከየት አመጣኸው?» የሚል አንድ ድምፅ የማይሰማበት ከተማ ስለ ስካርፌስ ክፋት ባይከራከር ይሻለዋል፤ ፊልሙን ራሱ በየቀኑ እየሠራው ነውና።