የተማሪ አትሌቶች እንቅልፍ ባለቤት ይኑረው

አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጎህ የሚቀደው 12 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት እንጦጦ ጫካ ውስጥ፣ ጃን ሜዳ ላይ ወይም ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ከአንጋፋ ሯጮች ኋላ ኋላ የሚከተሉ ልጆችን ያያል። ገና 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ጥቂት ቆይተው እነዚሁ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ለሰንደቅ ዓላማ መዝሙር መሰለፍ ይጠበቅባቸዋል። በትጋታቸው እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባል። ስንት ሰዓት ተኝተው እንደተነሡ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል።

እስኪ እንቁጠረው። ልምምዱ 12 ሰዓት ላይ ከተጀመረ፣ ከሰፈሩ ታክሲ ይዞም ሆነ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መነሣት አለበት። ከልምምድ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ላቡን በአንድ ጆግ ውሃ ይለቃለቃል፣ ዳቦ በሻይ ቀምሶ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ይገባል። 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይለቀቃል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚያሠራ ክለብ ወይም የታዳጊ ፕሮጀክት ውስጥ ከሆነ እስከ 12 ሰዓት ሜዳ ላይ ነው። በታክሲ ሰልፍ ተገፍቶ ቤቱ ሲደርስ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። እራት አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ የነገ ቱታና ካልሲ መታጠብ አለበት። 5 ሰዓት ላይ ጋደም ቢል የሚተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላል። ዝቅተኛውን ልክ ብንወስድ እንኳ ይህ ልጅ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። ያንን ቅዳሜና እሁድ ተኝቶ አይከፍለውም፤ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ አለ፣ እሁድም ውድድር ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም የሚከተለው ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተማሪ አትሌቶች በትምህርት ቀን ሌሊት ተነሥተው ልምምድ እንዲሠሩ መደረጉ መቆም አለበት። ይህንን የማስቆም ኃላፊነትም የልጆቹ ሳይሆን የአዋቂዎቹ ነው። ዛሬ አሠልጣኙ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፣ ትምህርት ቤቱ ቀሪና ተገኝ ይቆጥራል፣ ቤተሰቡ ልጁ ነገ የሚያመጣውን ያሰላል። የልጁን 24 ሰዓት አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው የለም፤ እንቅልፉ ሁሉም ከወሰደ በኋላ የሚተርፈው ነው።

«በጊዜ አይተኛም እንዴ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። በጉርምስና ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ሰውነት ለእንቅልፍ እንዲዘጋጅ የሚያደርገው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በዚህ ዕድሜ ከልጅነት ጊዜው ዘግይቶ መመንጨት ይጀምራል። ለዚህ ነው የ16 ዓመት ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተኛ ቢባል ዓይኑ ፈጦ የሚቀረው፤ ለዚህም ነው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀሰቀስ እንቅልፉ ገና ያላበቃው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግንባሩን ክንዱ ላይ ደፍቶ ሲያንቀላፋ ያገኘው መምህር «ሰነፍ» ይለዋል። ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ በፊት የተነሣው ግን እሱ ነው።

ስልክም አለ፣ እንዳንሸሸገው። አብዛኛው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ እኩለ ሌሊት ደርሷል ወይም አልፏል። ኳስ ተጫዋች ታዳጊን ያንን አትይ ማለት ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡናም የራሱን ይወስዳል፤ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ከገባ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ አሁንም እዚያው ነው። በዚህ በኩል ወላጅ የሚሠራው ሥራ አለ። ነገር ግን ስልኩ ከተወሰደ፣ ቡናው ከቀረ በኋላም የመነሻው ሰዓት 10 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሒሳቡ አይሞላም።

ጉዳቱ የት እንደሚታይ አሠልጣኞች ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ስሙን ግን በሌላ ይጠሩታል። የማይድን የቅልጥም ሕመም፣ በየወሩ የሚመለስ ጉንፋን፣ በድንገት የወረደ ብቃት፣ ኩርፊያ። የሕፃን ሰውነት እንዲያድግና ከልምምድ በኋላ የተጎዳው ጡንቻ እንዲጠገን የሚረዳው የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። በሎስ አንጀለስ በ112 ታዳጊ ስፖርተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በሌሊት ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት በ1.7 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። አንድ ጥናት ነው፤ ጉዳቱን ያመጣው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሥራ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት በየቀኑ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ ተደረገ። የቅጣት ምት አገባባቸው በ9 በመቶ ተሻሻለ፣ የአጭር ርቀት ሩጫቸውም ፈጠነ። ያንን ለውጥ በልምምድ ብቻ ለማምጣት ስንት ንጋት እንደሚያስፈልግ አሠልጣኞች ይፍረዱ።

በትምህርቱ በኩል ያለው ዋጋ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ልጅ ኦሎምፒክ አይደርስም። ቀን የተማሩት ነገር አእምሮ ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። ሙሉ ሌሊት ተኝቶ የሚማረው ልጅ እንዲህ በሚወድቅበት ፈተና፣ እያንቀላፋ ለሚማረው ምን ዕድል ትተንለታል? ሩጫውም ካልሆነለት፣ ትምህርቱም ካመለጠው በ19 ዓመቱ የሚይዘው ምንድን ነው? ክለቡ ሌላ ልጅ ይፈልጋል፤ ልጁ ግን ሌላ ሕይወት መፈለግ አለበት።

ለንጋቱ ልምምድ የሚቀርበው ዋናው መከራከሪያ «ትልልቆቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ትልልቆቹ በ12 ሰዓት ይወጣሉ። ከዚያስ? ወደ ቤታቸው ተመልሰው ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ረፋድ ላይም ሆነ ከምሳ በኋላ መተኛት ለእነሱ የሥራቸው አካል ነው፤ ስልክ የማያነሡበት ሰዓት እንደሆነ ደውሎ የሞከረ ጋዜጠኛ ሁሉ ያውቀዋል። ታዳጊዎቹ ንጋቱን ከታላላቆቻቸው ወርሰዋል፤ የቀን እንቅልፉን የሚወስድባቸው ግን ሒሳብና ፊዚክስ ነው። አንዱን ግማሽ ብቻ ወስዶ «የሻምፒዮን ፕሮግራም ነው» ማለት ስህተት ነው።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክም በየልምምድ ሜዳው ይነሣል። አሰላ አካባቢ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ እንደነበር፣ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይሮጥ እንደነበር፣ ደብተር ይዞ የለመደው ክንዱ በኋላም በትራክ ላይ ታጥፎ ይታይ እንደነበር ዓለም የሚያውቀው ነው። ታሪኩን የምንተርከው መከራው ጀግና እንዳደረገው አድርገን ነው። ሩጫው ግን የጉዞው አካል ነበር፤ ከትምህርቱ በፊት ሌላ ልምምድ፣ ከትምህርቱ በኋላ ሌላ ልምምድ ተጨምሮበት አልነበረም። ሌሊቱን የሚሻማ ስክሪንም በዚያ ዘመን በገጠር ቤት ውስጥ አልነበረም። የዛሬው የከተማ ልጅ የኃይሌን ኪሎ ሜትር ተጭኖበታል፣ የኃይሌን ሌሊት ግን አላገኘም።

ሴት ልጆች ላይ ሸክሙ ይደራረባል። ከልምምድ የተመለሰ ወንድ ልጅ እግሩን ዘርግቶ እራት ሲጠብቅ፣ እህቱ ጓዳ ትገባለች። ወጥ ማማሰል፣ ዕቃ ማጠብ፣ ታናናሾችን ማስተኛት የእሷ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃው የሚለቀቀው ሌሊት ነው። 7 ሰዓት ላይ ተነሥታ ጀሪካን የምትደረድር፣ ሮቶው እስኪሞላ ቆማ የምትጠብቅ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለልምምድ የምትነሣ ልጅ እንቅልፏ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ካሸነፈች ወዲህ አገራችንን ብዙ ጊዜ ያስጠሩት ሴቶች ናቸው። ተተኪዎቻቸውን ከቤት ጀምረን እያደከምናቸው ነው። ወንድምዬው ጀሪካኑን ቢሞላ ክብሩ አይቀንስም።

በሌሎች አገሮች ሙግቱ በትምህርት ቤት ደወል ላይ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 በፈረመችውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀምሩ አድርጋለች። ሲያትል ከተማ ደወሉን ወደ ኋላ ስትገፋ ተማሪዎቹ በየሌሊቱ በአማካይ 34 ደቂቃ ተጨማሪ እንቅልፍ እንዳገኙ ተመዝግቧል። የእኛ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቀድሞውኑ በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው የሚጀምሩት። እንቅልፉን የሚወስደው ከደወሉ በፊት የምናስቀምጠው ልምምድ ነው፤ እሱን ለማንሣት ደግሞ የፓርላማ አዋጅ አያስፈልግም።

«ከሰዓት በኋላማ ፀሐይ ነው፣ መኪና ነው፣ ሜዳው ተይዟል፣ ዝናብ ነው» ይባላል። አንዱን በአንዱ እንየው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ ያለው አየር ለ5 ወይም ለ8 ኪሎ ሜትር ሩጫ የሚያስፈራ አይደለም። ሰውነትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ የተሻለ ይሠራል። ከባዱ የክረምት ዝናብ የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ልጆቹ ጠዋት ጠግበው ተኝተው 2 ሰዓት ላይ መሥራት ይችላሉ። በፈረቃ የሚማሩትም የሚመች ሰዓት አላቸው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓት ይሥራ፣ የከሰዓቱ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ። የመኪናውና የሜዳው ችግር እውነተኛ ነው። ለዚያ መልሱ ክፍለ ከተሞች የትምህርት ቤት ሜዳዎችን ከ10 ሰዓት በኋላ ለታዳጊ ፕሮጀክቶች መክፈት ነው እንጂ ልጁን ሌሊት አስፋልት ላይ ማውጣት አይደለም።

ስፖርቱ ራሱ ለልጅ አካል ገደብ እንደሚያስፈልግ ካመነ ቆይቷል። በውድድሩ ዓመት 20 ዓመት የማይሞላው አትሌት በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። ለርቀት ገደብ ካበጀን ለሰዓት የማናበጅበት ምክንያት የለም። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ክለቦችንና ፕሮጀክቶችን ሲመዘግብ የታዳጊ ቡድናቸውን ሳምንታዊ የልምምድ ሰዓት አብረው እንዲያቀርቡ ይጠይቅ፤ በትምህርት ቀን ከጠዋት ትምህርት በፊት ልምምድ የሚያስቀምጠውን ይመልሰው። የእግር ኳሱ ፌዴሬሽንም እንዲሁ። የአዲስ አበባው የስፖርት አካዳሚና አሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል ልጆቹ እዚያው የሚያድሩባቸው በመሆናቸው ምሳሌ ሊሆኑ ይችላሉ። መብራት በሚጠፋበትና ሰልጣኝ በሚነሣበት ሰዓት መካከል ቢያንስ ስምንት ሰዓት ተኩል ይኑር፣ ይህም በደንባቸው ይጻፍ።

ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከተማሪ አትሌቶቻቸው አሠልጣኞች ጋር በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይቀመጡ። የፈተና ሳምንት ከትልቅ ውድድር ጋር እንዳይጋጭ፣ ልምምዱም በፈተና ሰሞን እንዲቀል የሚስማሙበት ወረቀት ይፈራረሙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ተጠሪ መምህር ይመደብ፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ከመቅጣት በፊት ለአሠልጣኙ የሚደውል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ፍርሃት አለ፤ ከልጆቹም ከወላጆቹም የምንሰማው ነው። «ንጋት ላይ ካልተገኘሁ ከቡድኑ እቀነሳለሁ።» አንድ ክለብ ብቻውን ሰዓቱን ቢቀይር ሌላው ቀድሞኝ ይሄዳል ብሎ ይሰጋል። አንድ ልጅ ብቻውን ቢተኛ ቦታውን ያጣል። ስለዚህ መመሪያው ለሁሉም በአንድ ቀን መውጣት አለበት፤ በትምህርት ቀን ከጠዋት ትምህርት በፊት ካለ ልምምድ የቀረ ታዳጊ በዚህ ምክንያት እንዳይቀነስ፣ ከውድድር እንዳይከለከል የሚል አንቀጽም ይኑረው። የሚመለከታቸው ፌዴሬሽኖች፣ ባህልና ስፖርት ሚኒስቴርና ትምህርት ሚኒስቴር ይህንን መስከረም ላይ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንዲያወጡት እንጠይቃለን።