ቲዩብ አምፓችሁን ከመሸጣችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። 8 ዋት ቲዩብ አምፕ አለው፤ ድምጹን ይወደዋል፣ ቤዙ ግን ያንሰዋል። ሳብዉፈር ልጨምርበት ወይ ብሎ ሲጠይቅ "አዋቂዎቹ" ሳቁበት። "ቲዩብና ሳብ አይጋቡም፤ ወይ ትልቅ ስፒከር ግዛ ወይ አምፑን ሽጠው" አሉት።

ይህን ምክር አውቀዋለሁ፤ እኔም ሰጥቼዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የቅርብ ጓደኛዬ ይህንኑ ሲጠይቀኝ ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያልኩት። ሰማኝ። እህቱ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዛ የመጣችለትን አምፕ በግማሽ ዋጋ ሸጠው። ማን ገዛው? እኔ። ያኔ ውለታ የዋልኩለት ነበር የመሰለኝ።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው እነሱን ብቻ ለመውቀስ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትንሽ ቲዩብ አምፕ ከባዱ ሸክም ቤዝ ነው። አንደኛ፣ ስፒከሩ ከ80 ኸርዝ ወደ 40 ወርዶ ያንኑ ያህል እንዲጮህ ወረቀቱ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ሁለተኛ፣ የአምፑ መውጫ ትራንስፎርመር አለ። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲወርድ፣ ብረቱ ላይ ያለው የማግኔት ጫና እጥፍ ይሆናል። ሲንግል ኤንድድ በሚባሉት አምፖች ደግሞ በጥቅሉ ውስጥ ሁሌም ቀጥተኛ ከረንት ስለሚያልፍ፣ ብረቱ ገና ሙዚቃው ሳይጀመር ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ናት። እሷ ስትመታ ብረቱ ይሞላል፤ ያን ጊዜ የሚሻክረው ቤዙ ብቻ አይደለም፣ ዘፋኙም አብሮ ይሻክራል። እኛ ታዲያ "አምፑ አቅም የለውም" እንላለን!

የመጀመሪያው መከራከሪያቸው "የድሮ ሰዎች ያለ ሳብ አይደል እንዴ የሰሙት?" የሚል ነው። እሺ፣ እንየው። ሁሉም የሚምልበት 300ቢ ቲዩብ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። የዚያ ዘመን ሲኒማ ቤት ስፒከር ግን ቁም ሳጥን የሚያህል ሆርን ነበር። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ያወጣ ነበር እንበል። የእኛ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ስፒከር 87 ገደማ ነው። የ13 ዴሲቤል ልዩነት ማለት 20 እጥፍ ዋት ማለት ነው። እዚያ 8 ዋት የሚሠራውን እኛ ሳሎን ለመሥራት 160 ዋት ያስፈልጋል። ያን ሆርን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚያስገባ ካለ ያስገባና ይከራከረኝ።

ሁለተኛው "ክሮስኦቨር ድምጹን ያበላሻል" የሚለው ነው። ወዳጄ፣ ስፒከርህን ከፍተህ አይተህ ታውቃለህ? ትዊተሩን ከዉፈሩ የሚለየው ምን መሰለህ? ከአምፑ በኋላ ያለውን የሽቦ ጥቅልና ካፓሲተር ስትሰማ ኖረህ፣ ከአምፑ በፊት ጥፍር የምታህል አንዲት ካፓሲተር ስትገባ ነው የምትጮኸው?

ሦስተኛው ደግሞ "ሳብ የታክሲ ነገር ነው" ይላል። በደንብ የተስተካከለ ሳብ መኖሩ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።

አሁን ደግሞ ሳብ ገዝተው "ምንም ለውጥ የለውም" ወደሚሉት ልምጣ። ብዙዎቹ ሳቡን ከአምፑ የስፒከር መውጫ ላይ ነው የሚያገናኙት። ቤዝ ይጨመራል፣ እውነት ነው። ሳቡ የራሱ አምፕ ስላለው ከቲዩቡ ኃይልም አይወስድም ማለት ይቻላል። ግን ቲዩቡ 40 ኸርዙን አሁንም እየጎተተ ነው። ሁለተኛ በሬ ገዝቶ የመጀመሪያውን ብቻውን መጥመድ ማለት ይሄ ነው። ሸክሙ የሚወርደው ቤዙ አምፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሲቆረጥ ብቻ ነው።

አሠራሩ ውድ አይደለም። ከፕሪአምፑ የሚወጣውን ሲግናል ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ወደ ሳቡ ይሂድ፤ የሳቡን ክሮስኦቨር 70 ወይም 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጉት። ሌላው ወደ ቲዩቡ ይሂድ፤ መንገዱ ላይ ለግራም ለቀኝም አንድ አንድ ካፓሲተር በተከታታይ አስገቡ። የአምፑ መግቢያ 100 ኪሎ ኦም ከሆነ 0.022 ማይክሮፋራድ 72 ኸርዝ አካባቢ ይጀምርላችኋል፤ 50 ኪሎ ኦም ከሆነ የካፓሲተሩን መጠን እጥፍ አድርጉ። ድምጽ መቀነሻው ሲግናሉ ከመከፈሉ በፊት ይሁን፤ አለዚያ አምፑን ስትቀንሱ ሳቡ ብቻውን ሲጮህ ይቀራል። ካፓሲተሯን ገመዱ ላይ እንጂ አምፑን ከፍታችሁ ውስጡ አታስገቡ። እዚያ ውስጥ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ሊገድል ይችላል።

ይሄ ሁሉን ይፈታል አልልም። አንዲት ካፓሲተር የምትቆርጠው ቀስ እያለች ነው፣ በኦክታቭ 6 ዴሲቤል ብቻ። ሳቡ ከስፒከሮቹ ጋር እስኪስማማ አንድ ሁለት ማታ ቦታውን እየቀያየሩ መስማት ይጠይቃል። 2 ዋት አምፕ በሰነፍ ስፒከር ላይ ከጫናችሁም ተአምር አትጠብቁ። ጎረቤትም አለ፤ ሳብ ወለል ላይ ነውና የሚቀመጠው፣ ከሥር ያሉትን አስቡ።

እኔ ግን ይህን ያደረግሁ ማታ የዋልያስን "ሙዚቃዊ ስልት" ከፈትኩ። ያው አምፕ፣ ያው ስፒከር። ቤዝ ጊታሩ ቦታውን ይዞ፣ ኦርጋኑ ሳይሻክር እስከ መጨረሻው ሄደ። ግማሹን እንኳ ሳልሰማ ጓደኛዬ ነበር የታወሰኝ። አምፑ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ቅዳሜ ይዤለት እሄዳለሁ። በገዛሁበት ዋጋ፣ ሁለቱ ካፓሲተሮች ከእኔ። ለዚያ ልጅ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ አትሽጠው።